የጎንደር ሆስፒታልን ለማወቅ ወደ ቆላ መውረድ

ጥር ወር ነው እንበል። አንድ ወጣት የወንድሙን ትከሻ ተደግፎ ጎንደር ሆስፒታል ይደርሳል። ከስቷል፤ ጉንጩ ገብቷል። ሆዱ ግን በግራ በኩል ተነፍቷል። ትኩሳት ከያዘው አራተኛ ሳምንቱ ነው። ሰፈሩ ባለው ጤና ጣቢያ የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ጨርሷል። አልተሻለውም። ሪፈር ተጻፈለትና መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ያያል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ይጠይቃል።

«ክረምቱን የት ነበርክ?»

«መተማ። ሰሊጥ ላይ።»

ከዚህች መልስ በኋላ ነገሩ ሌላ መንገድ ይይዛል። የሚታዘዘው ምርመራ ይቀየራል። የሚተኛበት ክፍልም ይቀየራል። ይህችን አጭር ጥያቄ ጎንደር የተማረው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። ሆስፒታሉ ዛሬ የሚሰጠውን አገልግሎት ለመረዳት ከፈለጋችሁ፣ እኔ የማውቀው ጥሩው መንገድ ከከተማው ወጥቶ ወደ ቆላው መውረድ ነው። ከቆላ ድባ እንጀምር።

ቆላ ድባ ከጎንደር ወደ ደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደምቢያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ደምቢያ ጣናን ከሰሜን በኩል ያቀፈ ሰፊ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ እህል ይሰጣል። ክረምቱ ሲያልፍ ግን ውኃው ቶሎ አይሄድም። በየጉድጓዱና በየረግረጉ ተኝቶ ይቆያል። የወባ ትንኝ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቤት አትፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። የሞተው ሰው ወደ 7,000 እንደሚጠጋ ይጠቀሳል። ቁጥሩን ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ አካባቢ ነው። ወቅቱ አዝመራ የሚሰበሰብበት ነው፤ አጫጁ ተኝቷል፤ አስታማሚውም ተኝቷል። በዚያ ዘመን ለገጠር ሰው ሐኪም ማግኘት የማይታሰብ ነገር ነበር።

ለምን ያን ያህል ሰው ሞተ? ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለይበት በጣም ሞቃት ቆላ፣ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ይያዛል። ብዙ ሕፃናት ይሞታሉ፤ የተረፈው ግን ሰውነቱ በሽታውን በከፊል መቋቋም ይለምዳል። ከጎንደር ዝቅ ቢልም ወይና ደጋ በሆነ፣ እንደ ደምቢያ ባለ ቦታ ግን ወባ አንድ ዓመት ይመጣል፤ ከዚያ ለዓመታት ይጠፋል። ስለዚህ የማንም ሰውነት አልለመደውም። ዝናቡ ከመጠን ያለፈና ሙቀቱ የጨመረ ዓመት ሲመጣ ሽማግሌውም፣ ጎልማሳውም፣ ሕፃኑም እኩል ይወድቃል። ወረርሽኝ የሚባለው ይህ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ያው ነገር በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ተደገመ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 የሚሆን ሞተ ተብሎ ተገምቷል። አብዛኛው ሞት የደረሰው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነበር። «ወባ እኛ ጋ አይደርስም» የሚሉ ሰዎች የሚኖሩባቸው ቦታዎች ማለት ነው።

የደምቢያው እልቂት መንግሥትን አስደነገጠ። ግን ምን ይደረግ? አገሪቱ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ቢኖርም እንኳ ሐኪም ለማውጣት ረጅም ዓመታት ይፈጃል። የሚወጣው ሐኪም ደግሞ ቆላ ድባ ሄዶ ይቀመጣል ወይ? ያኔም ቢሆን መልሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1954) ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሐኪም የሚያሠለጥን አልነበረም። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ተባብረው ያቋቋሙት ነው። ያሠለጥን የነበረው ቡድን ነው። ቡድን ስል ቃሉን በቁሙ ውሰዱት፤ በአንድ ጊዜ ተምረው፣ አንድ ላይ ተመድበው፣ አንድ ጤና ጣቢያ የሚይዙ ሰዎች።

ጤና መኮንን አለ። ይመረምራል፣ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውን ይመራል። የማኅበረሰብ ነርስ አለች። እናቶችን ታያለች፣ ታዋልዳለች፣ ቤት ለቤት ትሄዳለች። ሳኒታሪያን አለ። እሱ ደግሞ የውኃውን ምንጭ፣ መጸዳጃውን፣ ረግረጉን ይከታተላል። ቆይቶም የላቦራቶሪ ባለሙያ ተጨመረ። በዚያ ዘመን ዕቅድ አንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ለሚሆን ሕዝብ የታሰበ ነበር።

ይህ አደረጃጀት ለምን ብልህ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ደምቢያ ውስጥ ያለ ሕፃን ወባ ያዘው። ጤና መኮንኑ አክሞ ያድነዋል። ነርሷ ቤቱ ድረስ ሄዳ ነፍሰ ጡር እናቱም ትኩሳት እንዳለባት ታያለች። ሳኒታሪያኑ ከቤቱ ጀርባ ያቆረውን ውኃ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ያፋስሳል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢመጣ ኖሮ ሕፃኑ በወሩ ተመልሶ ይታመማል። ይህን ሐሳብ ዛሬ የዓለም ጤና ባለሙያዎች በየስብሰባው ያነሡታል። ጎንደር ላይ በ1940ዎቹ ማብቂያ በተግባር ይሠራበት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምኮራበት ይህ ክፍል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጤና መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1957 ተመረቁ። ከዚያ ወዲያ ለሃያ ዓመት ያህል በየአውራጃው ሰው «ዶክተር» ብሎ የሚጠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጎንደር የወጣ ጤና መኮንን ነበር። ሆስፒታሉም እነዚህ ተማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱበት ቤት ሆነ። ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ አብረው አደጉ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ሁለቱን ነጥሎ ማውራት የሚከብደው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በደርግ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጎንደር የሐኪሞች ትምህርት ቤት ሆነ። ያገዘው በያኔዋ ምሥራቅ ጀርመን ላይፕሲግ ከተማ የሚገኘው ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጀርመናውያን መምህራን መጡ፤ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም እዚያው ጎንደር ሠልጥነው መውጣት ጀመሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ። ሐኪም ማውጣት ያስፈልግ ነበር፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ለዚያ ሲባል ጤና መኮንኑን መተው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ለገጠሩ ኪሳራ ነበር። አገሪቱም ይህን አይታ ይመስለኛል፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ሥልጠናው ተመለሰ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ተቋሙ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የሆስፒታሉ የዛሬ ሙሉ ስም ረጅም ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ሰው ግን «ጎንደር ሆስፒታል» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበለው።

የድሮው የቡድን ልማድ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ተቀላቅለው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይላካሉ። የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የጤና መኮንኑ፣ የፋርማሲውና የላቦራቶሪው ተማሪ አንድ ላይ ይኖራል፤ አንድ ላይ ቤት ለቤት ይዞራል። ከሚሄዱባቸው ቦታዎች አንዷ ቆላ ድባ ናት። ሌላዋ ዳባት ናት፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ። ዳባት ላይ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የተመረጡ ቀበሌዎችን ነዋሪ እየመዘገበ ይከታተላል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወጣ፣ ማን ገባ። አንድ ሰው ቤቱ ሲሞት ጠያቂው ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረው ይጠይቃል፤ ሐኪሞች ከመልሱ ተነሥተው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። የልደትና የሞት ምዝገባ ባልተሟላበት አገር ይህ መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው። ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ ብለህ የምታየው በሩን የደረሰውን ሰው ብቻ ነው። ያልደረሰው ሰው የሚገኘው እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ግቢ እንግባ። እኔ ሆስፒታልን የማውቀው እንደ አብዛኛው ሰው በአስታማሚነት ነው። አስታማሚ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስገርመዋል። «ለአንዱ ሰው የነገርኩትን ለምን ሦስት ሰው መጥቶ ይጠይቀኛል?» መልሱ ሆስፒታሉ ማስተማሪያ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ኢንተርን ነው፤ ሐኪም ለመሆን የመጨረሻው ዓመት ላይ ያለ። ቀጥሎ ሬዚደንት ይመጣል፤ ሐኪም ሆኖ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር። ከዚያ ሲኒየሩ ይመጣል፤ ስፔሻሊስቱ። ጠዋት ራውንድ ሲወጡ ሁሉም አልጋው ዙሪያ ይቆማሉ፤ ኢንተርኑ የሕመምተኛውን ታሪክ ያቀርባል፤ ሲኒየሩ ያርማል።

ሕመምተኛውን ያደክመዋል፤ አውቃለሁ። ግን ጥቅም አለው። ለመጀመሪያው ሰው ያልተነገረ ነገር ለሦስተኛው ሊነገር ይችላል። ከላይ ያነሣሁት ወጣት ለመጀመሪያው ጠያቂ «ገበሬ ነኝ» ብሎ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ውሸት አልተናገረም። መተማን ያነሣው ሁለተኛው ሲጠይቀው ነው። ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው። ሦስቴ ቢጠይቋችሁ ሦስቴ መልሱ።

ሪፈር የሚባለውም ነገር ብዙ ሰው ያማርራል፤ እንዴት እንደተሠራ ካወቁት ግን ነገሩ ይገባል። በአገራችን አደረጃጀት ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል፤ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉበት ነው። ገጠር ላይ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000። አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እንደ ጎንደር ያለው፣ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። አንድ ሆስፒታል አምስት ሚሊዮን ሰው! እንግዲህ ጉንፋን የያዘው ሁሉ በቀጥታ ጎንደር ቢመጣ፣ የራስ ቅሉ የተሰበረው ሰው መተኛ አያገኝም። የሪፈር ወረቀት ይህን ለማጣራት የተሠራ ወንፊት ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድህን አባል የሆነም ሰው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ እንዲሄድ የሚጠበቅበት ለዚህ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አትናቁት። የተሰጠው መድኃኒት፣ የተጀመረበት ቀን፣ የታየው የላቦራቶሪ ውጤት እዚያ ላይ ነው። ወረቀቱ መንገድ ላይ ከጠፋ ጎንደር ያለው ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። በሽታው ካላዛር ነው።

ካላዛርን የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ናት። ዝንብ ትባል እንጂ ከትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅም የላትም። በመተማና በሑመራ ቆላ፣ ጥቁሩ አፈር በበጋ ሲደርቅ በሚሰነጠቀው ስንጥቅ ውስጥና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች። የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ለማረምና ለማጨድ ከደጋው በየዓመቱ እጅግ ብዙ ወጣት ይወርዳል። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ይተኛል። አንዳንዴም ሙቀቱን ሽሽት በሌሊት ይሠራል። ከደጋ የመጣ ስለሆነ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። ደምቢያ ላይ ያየነው ነገር እዚህም ይደገማል ማለት ነው፤ ልዩነቱ በሽታው ወደ ሰው ከመምጣቱ ይልቅ ሰው ወደ በሽታው መሄዱ ነው።

ተህዋሲው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሕመሙ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ወጣቱ ጥቅምት ላይ ተነከሰ፤ ገንዘቡን ይዞ በሰላም አገሩ ገባ፤ ጥር ላይ ታመመ። መተማና ሕመሙ በሰውም በሐኪሙም አእምሮ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ተህዋሲው ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኒን ይይዛል። ጣፊያ ያብጣል፤ ደም ያንሳል፤ አፍንጫ ይነስራል፤ ሰውየው እየመነመነ ይሄዳል። ካልታከመ ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ።

የማይገናኙ ነገሮች ምን እንደሚያመጡ በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ታየ። ሊቦ ከምከም ከጎንደር በስተደቡብ ያለ ወረዳ ነው፤ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ካላዛር እዚያ አይታወቅም ነበር። ሰው መታመምና መሞት ጀመረ። ወባ ነው ተባለ። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ደግሞ «መድኃኒት የለመደ ወባ ነው» ተባለ። በመጨረሻ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታውን ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች እንዳመጡት ይታመናል፤ ከዚያ በአካባቢው ባሉ ዝንቦች አማካይነት መተማን አይተው በማያውቁ ሴቶችና ልጆች ላይ ተዛመተ። በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት አዲስ ዘመን ከተማ በድንበር የለሽ ሐኪሞች በተከፈተው ማዕከል ከ2,000 በላይ ሰው ታክሟል። «ክረምቱን የት ነበርክ?» የምትለው ጥያቄ እንዲህ ባለ ዋጋ የተገዛች ናት።

ምርመራው ራሱ ለምን ትልቅ ሆስፒታል እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ከጣት ደም ወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ፈጣን ምርመራ አለ። ግን በምሥራቅ አፍሪካ አንዳንዱን ሕመምተኛ ያመልጠዋል። ጥርጣሬ ሲቀር ሐኪሙ በመርፌ ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል። ጣፊያ ደም የበዛበት አካል ነው። ቢደማ የሚሰጥ ደም፣ የሚከታተል ነርስ፣ ካስፈለገም ቀዶ ሐኪም መኖር አለበት። ይህን ገጠር ጤና ጣቢያ ላይ ማድረግ አይቻልም።

ሕክምናውም ቀላል አይደለም። ድሮ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባለው መድኃኒት ለ30 ቀን በመርፌ ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱ ራሱ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። አንድ ወር ሙሉ ሆስፒታል መተኛት ለቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት፤ አስታማሚውም አብሮ ሥራ ፈትቶ ነው። እዚህ ላይ ጎንደር ለዓለም የሰጠው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ አንድ ትልቅ ጥናት ተካሄደ። የድሮውን መድኃኒት ፓሮሞማይሲን ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር ደርቦ ለ17 ቀን ብቻ መስጠት ይቻል ይሆን? ለዚህ ጥናት በኢትዮጵያ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ጎንደር ነበር። ውጤቱ አስደሳች ሆነ። የ17 ቀኑ ሕክምና ከ30 ቀኑ ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ መከረ። ዛሬ አንድ የሱዳን ወይም የኬንያ ሕመምተኛ በ17 ቀን ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ጎንደር ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተው በጥናቱ የተሳተፉ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች እጅ አለበት። ስማቸውን ማንም አያውቅም።

አሥራ ሰባት ቀንም ቢሆን በቀን ሁለት መርፌ ነው፤ በድምሩ 34። ስለዚህ ምርምሩ አላቆመም። ሚልቴፎሲን የሚባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን መስጠት በጎንደርና በሌሎች የአካባቢው አገራት ማዕከላት ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። መርፌው ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ወደፊት ደግሞ ጨርሶ መርፌ የሌለበት፣ በሚዋጥ ብቻ የሚድን ሕክምና ለማግኘት እየተሠራ ነው።

ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ካላዛር ሲይዘው ነገሩ ይከብዳል። ሁለቱም የሚያጠቁት የሰውነትን መከላከያ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ካላዛሩ ቢድንም ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ ሁለቱ በሽታዎች በብዛት አብረው ከሚገኙባቸው የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው። ከቤተሰቡ የራቀ፣ ገንዘብ በእጁ የገባ ወጣት በሚበዛበት የቆላ ከተማ ይህ መሆኑ አይገርምም። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ የተለየ ሕክምና ያገኛል፤ በደም ሥር የሚሰጠው አምቢሶምና ሚልቴፎሲን ተደርቦ። ስለዚህ ሐኪሙ «ኤች አይ ቪ እንመርምርህ» ቢል ሰውየውን እየጠረጠረው አይደለም። የትኛውን መድኃኒት ማዘዝ እንዳለበት ለማወቅ ነው።

ስለ ሌሎቹ አገልግሎቶች ብዙ አልልም፤ ቀዶ ሕክምናው፣ ማዋለጃው፣ የሕፃናት ክፍሉ በየትኛውም ትልቅ ሆስፒታል ያለ ነው። አንዱን ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ጎንደር በፊዚዮቴራፒና በአካል ጉዳተኞች ተሃድሶ ከብዙዎቹ ቀድሞ የሄደ ነው። እጁ ወይም አእምሮው የተጎዳን ሰው ወደ ዕለት ኑሮው፣ ወደ መብላት፣ ወደ መልበስ፣ ወደ ሥራ የሚመልሰው ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው ሙያ በአገራችን በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው ጎንደር ላይ ነው።

ይህ ሙያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ጎንደር ለግንባሩ ቅርብ ከነበሩት ትላልቅ ሆስፒታሎች አንዱ ነበር። ከማይካድራው ጭፍጨፋ የተረፉ ቁስለኞች ወደዚያ ተወስደዋል። በሑመራ በኩል የነበረው የካላዛር ሕክምናም በጦርነቱ ተናጋ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ፤ በመተማ በኩል በሺዎች የሚቆጠር ስደተኛና ተመላሽ ገባ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ውጊያ ተቀሰቀሰ።

መንገድ ሲዘጋ የሪፈሩ ሰንሰለት ከመካከሉ ይበጠሳል። ከመተማ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህናው ቀን የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ግን ምጥ የበረታባት እናት አምቡላንስ አታገኝም። የካላዛሩ ሕመምተኛ በሁለተኛው ሳምንት መምጣት ሲገባው በሁለተኛው ወር ይመጣል፤ ደሙ አልቆ፣ ሳንባው ተነክቶ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር በመድኃኒቱ ጥራት ብቻ አይወሰንም። ሰውየው በስንተኛው ቀን ደረሰ የሚለው ነገር ይወስነዋል።

ወባም ተመልሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሰባ ዓመት በፊት ደምቢያ ላይ ብቻ ከሞተው ሕዝብ ጋር ሲተያይ የሟቹ ቁጥር በጣም ያነሰ ነው። ያነሰው በየቀበሌው መርምሮ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ስላለ ነው። ያ ሰው ደመወዙ ሲዘገይ፣ መድኃኒቱ ሳይደርሰው ሲቀር፣ ወይም ቀበሌውን ጥሎ ሲሸሽ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ቆላ ድባ ታውቃለች።

ወጣቱ 17ኛ ቀኑን ጨርሷል እንበል። ትኩሳቱ ጠፍቷል፤ ጣፊያው እየጎደለ ነው፤ ምግብ ይበላል። መድኃኒቱን አልከፈለበትም፤ የካላዛር መድኃኒት በነፃ ነው። ከካላዛር በደንብ የዳነ፣ ኤች አይ ቪ የሌለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አይያዝም። ሊሰጋ የሚገባው ደግፎ ያመጣው ወንድሙ ነው። ሰኔ ሲገባ እሱ ነው መተማ የሚወርደው፤ ቤቱ ዕዳ አለበት።

ስለዚህ ለወንድሙ የሚነገረው ይህ ነው። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዘህ ውረድ፤ ዝንቧ ትንሽ ብትሆንም ይረዳል፣ ለወባውም ይሆንሃል። ከዛፍ ሥርና ከተሰነጠቀ መሬት ራቅ ብለህ ተኛ። ከተመለስክ በኋላ በመጪዎቹ ወራት ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈህ ጤና ጣቢያ ሂድ። ባለሙያው የት እንደነበርክ ባይጠይቅህ አንተ ቀድመህ ንገረው። «መተማ ነበርኩ» በለው።